አንዴ ብቻ የተጠየቅኩት ዋስትና

የሐበሻን የመጀመሪያ «አይ» ያመነ ሰው ወይ ፈረንጅ ነው፣ ወይ ለመጋበዝ አልፈለገም። ሌላ ትርጉም የለውም! እኛ «አይ» የምንለው እምቢ ለማለት አይደለም፤ ጉሮሯችንን ለመጥረግ ነው። «ብላ እንጂ» ሲሉን «ኧረ በቃኝ፣ አሁን በልቼ ነው ከቤት የወጣሁት» እንላለን፤ ቤታችን ግን ከትናንት ጀምሮ ድስት አልተጣደም። «በሞቴ!» ሲሉን «ኧረ ጠግቤያለሁ» እያልን እጅጌያችንን እንሰበስባለን። በሦስተኛው፣ «አፈር ስሆን!» ሲሉን፣ «እንግዲህ ካላችሁማ…» ብለን እንቀመጣለን፤ ከዚያ በኋላ የሚያስነሣን የለም። መግደርደር ይሉታል ትልልቆቹ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ደሴ ላይ በመጀመሪያው «አይ» ሰሃኑን ያነሣ ሰው ሠፈር ይቀይራል።

ይህን ሕግ በልቤ ይዤ ነው እንግዲህ እዚህ ሚኒሶታ፣ ቡርንስቪል አጠገብ ካለ የመኪና መሸጫ ገብቼ ጉድ የሆንኩት። አትሳቁ፤ እናንተም ብትሆኑ ያው ነበራችሁ።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ባለቤቴ ፋጡማ ነርስ ናት። እኔ ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት እንግዳ የምታመላልስ ሚኒባስ እነዳለሁ። ሰሚራ የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለችን፤ በአማርኛ ስትጠይቋት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ በአማርኛ ስትቆጧት ደግሞ ምንም ቋንቋ አትሰማም። በዚያ ሰሞን የፋጡማ እናት፣ እማ ሐዋ፣ ከደሴ መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። ዴንቨር ያለችው ታናሽ ልጃቸው የመውለጃ ቀኗ ስለተቃረበ ወደዚያ መሄድ ነበረባቸው። እናት በሕይወት እያለች ልጅ ብቻዋን አራስ ትሁን? ይህ የሚወራ ነገር አይደለም።

ትኬት ልንቆርጥ ስናስብ እማ ሐዋ፣ «ተዉት ልጆቼ፣ አይሮፕላኑ ይቅርብኝ፤ ጉልበቴም ያን ያህል ተጣጥፎ መቀመጥ አይችል» አሉ። እኔም ወዲያው፣ ቃላቸው መሬት ሳይነካ፣ «እሺ እማ!» አልኩ።

ለምን እንደፈጠንኩ ልንገራችሁ። ለእማ ሐዋ ጉልበት አዝኜ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር… ውሸት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ስመኝ ኖሬያለሁ፦ አርቪ! አይታችኋል መቼም። ከሩቅ አውቶቡስ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ቤት ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ፍሪጅ አለው፣ ሽንት ቤት ሳይቀር አለው። እዚህ አገር በረዶው እንደቀለጠ ሰው ሁሉ ጓዳውን ጭኖ «ሐይቅ ልወርድ ነው» እያለ እየነዳ ያልፈኛል፤ እኔ በሚኒባሴ የሰው ሻንጣ ጭኜ አያለሁ። እና አሁን ምክንያት ተገኘ! የአማት ጉልበት! ከዚህ የበለጠ የተባረከ ምክንያት ከየት ይመጣል?

ለፋጡማ ነገርኳት።

«መኪና ነው ወይስ ቤት?» አለች።

«ሁለቱንም ነው!»

«እንግዲያው ሲበላሽም ሁለት ጊዜ ነዋ የሚበላሸው።»

እሷም እውነት አላት። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ያገለገለ ቫን ገዝቼ ነበር። ለኢድ ሶላት ነጭ በነጭ ለብሰን ስንሄድ መሀል አውራ ጎዳና ላይ ጭሶ ቆመ፤ የዚያን ዓመት «ኢድ ሙባረክ» የተባባልነው ከጎታች መኪናው ሾፌር ጋር ነው። ፋጡማ ያቺን ቀን አልረሳቻትም፤ አትረሳትምም።

«ስማኝ» አለችኝ፤ «ያገለገለ ነው፣ የፋብሪካው ዋስትና አልቋል። ያንን ኤክስቴንድድ ዋራንቲ የሚሉትን፣ የሚራዘመውን ዋስትና፣ ካልገዛህበት ያንን ነገር ይዘህ እዚህ ፓርኪንግ እንዳትገባ። እናቴን ነው የምጭንበት!»

«እገዛለሁ።»

«ማልልኝ።»

በእማ ሐዋ ማልኩላት። ይህንን ያዙልኝ፤ ምያለሁ።

ከመሄዴ በፊት ግን ስሕተት ሠራሁ፤ ለጓደኛዬ ለከማል ደወልኩ። ከማል ብሩክሊን ሴንተር የሚኖር ታክሲ ነጂ ነው። የማያውቀው ነገር የለም። ከሚያውቀው ውስጥ ግማሹ ትክክል ቢሆን ኖሮ ታክሲ አይነዳም ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ዋስትና የሚባል ነገር እንዳትገዛ! ዘረፋ ነው!» አለኝ።

«ምያለሁ እኮ።»

«እንግዲያው አገዛዙን እወቅበት። መጀመሪያ ሲጠይቁህ አይ በል። ሁለተኛ ይለምኑሃል፤ አሁንም አይ በል። ሦስተኛው ላይ ማናጀሩ ይመጣና ዋጋውን በግማሽ ይጥልልሃል። እኔ ታክሲዬን እንዴት የገዛሁ ይመስልሃል?»

አያችሁ? የደሴ አስተዳደጌና የከማል ምክር አንድ ላይ ገጠሙ። የጨዋ ልጅነትም ቅናሽም በአንድ ቃል የሚገኝ ከሆነ ማን ይጠላል?

ሻጩ ላርስ ይባላል፤ ረጅም፣ ሽበታም፣ ሱሪውን በትከሻው ማንጠልጠያ የያዘ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሽማግሌ። አርቪውን ውስጡን ከውጪ አገላብጦ አሳየኝ። ምድጃውን ለኮሰ፣ ፍሪጁን ከፈተ፣ ጄኔሬተሩን አስነሣ። ከሾፌሩ ራስ በላይ ያለችውን አልጋ ወጥቼ ተኛሁባት፤ ለመውረድ ራሱ ላርስ ነው የጎተተኝ። ከዚያ ቢሮው ገባን።

«ቡና ትጠጣለህ?» አለኝ።

«ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ።»

ለራሱ ብቻ ቀዳና ተቀመጠ። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ! እኔ ግን ረስቶት ነው ብዬ አዘንኩለት። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም፤ ሽታው ደግሞ አናቴ ላይ ወጥቷል።

ወረቀቱን ፈርመን ስንጨርስ አንድ ሰማያዊ ፋይል ከፈተ። መጣ፤ ሰዓቱ ደረሰ።

«ሳይድ» አለኝ፤ ስሜ ሰይድ ነው፣ ግን ግዴለም። «የተራዘመውን ዋስትና ትፈልጋለህ? ሦስት ዓመት ይሸፍንልሃል፤ ሞተሩን፣ ማርሹን፣ ፍሪጁን፣ የውኃ ፓምፑን…»

ፊቴን ትንሽ ዞር አደረግኩ። እጄን ደረቴ ላይ አኖርኩ። የመጀመሪያው «አይ» በሚገባው ክብር፣ «ኖ፣ ኖ፣ አይ አም ፋይን» አልኩ።

«ኦኬይ ዜን» አለ ላርስ።

ፋይሉንም ከደነው።

እኔ ጠበቅኩ። ሁለተኛው «አይ» አፌ ላይ ነው። ሦስተኛውን፣ የሚያቅማማውን፣ ከንፈሬ ሥር አዘጋጅቼዋለሁ። «እንግዲህ ካልክማ…» የምትለዋንማ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምትባል መንገድ ላይ ስለማመዳት ነው የመጣሁት። ላርስ ግን ቁልፉን እያቀበለ ስለ አሣ ማጥመድ ያወራልኛል! ፋይሉን አየት አደረግኩ። «ቀለሙ ያምራል» አልኩ። «ሰማያዊ ነው» አለኝ። «ብዙ ሰው ይገዛዋል?» አልኩ። «አንዳንዱ ይገዛል፣ አንዳንዱ አይገዛም» አለኝ። ኧረ በአላህ! አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ «እርግጠኛ ነህ?» ቢለኝ ምን ነበረበት?

በመጨረሻ ዋስትናውን የሚያብራራ ጥራዝ ሰጠኝና፣ «ሐሳብህን ከቀየርክ እስከ ሠላሳ ቀን ድረስ መግዛት ትችላለህ» ብሎ በሩን ከፈተልኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይህ ነው። ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ፋጡማ በር ላይ ቆማለች።

«ዋስትናውን ገዛኸው?»

«ውስጡን ነይ እይው፤ ፍሪጁ…»

«ዋስትናውን፣ ሰይድ!»

«አብሽሪ!» አልኳት።

አብሽሪ የሚለውን ቃል የሠራው ሰው አላህ ይስጠው። «አይዞሽ፣ አታስቢ» ማለት ነው፤ ገዝቻለሁ አላልኩም፣ አልገዛሁም አላልኩም። ፋጡማ ግን ፊቷ ፈታ አለ፣ ወጥታ የአልጋውን ምቾት በእጇ ጫን ጫን አድርጋ አየች። በትዳራችን የመጀመሪያው ትልቅ ውሸቴ ነበር፤ የመጀመሪያው እንኳን ባይሆን ከሁሉም ረጅሙ እሱ ነው፣ እንደ አርቪው ስምንት ሜትር ተኩል።

ታዲያ ነገ ተመልሼ አልገዛም? ትሉኛላችሁ። እናንተ ለአፋችሁ ምን አለባችሁ! አንዴ «አይ» ብያለሁ እኮ። በየትኛው ዐይኔ ነው ተመልሼ «ያንን ያልፈለግኩትን ስጠኝ» የምለው? ለምኖ የበላ እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ራሱ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ እንዲጠይቀኝ ሁኔታውን ማመቻቸት ያዝኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ከሥራ ስወጣ በየቀኑ አርቪውን ይዤ በመሸጫው ፊት ለፊት ቀስ ብዬ አልፋለሁ። ላርስ ያየኛል። እጁን ያውለበልብልኛል። እኔም አውለበልባለሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ነዳጅ ጨረስኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ገባሁ። አንድ የማያስፈልገኝ የውኃ ቱቦ አንሥቼ ዞር ዞር አልኩ።

«ምን ልርዳህ ሳይድ?»

«ኖ፣ ኖ፣ ጀስት ሉኪንግ።»

«ኦኬይ ዜን።»

ቱቦዋን ገዝቼ ወጣሁ፤ በዚያው ሳምንት ሁለቴ ደገምኩት። አሁን ጋራዣችን ውስጥ ሦስት ቱቦ አለ።

ማታ ማታ ደግሞ ጥራዙን አነባለሁ። የሚሸፍነው በትልልቅ ፊደል ሁለት ገጽ፣ የማይሸፍነው በጉንዳን ፊደል ዘጠኝ ገጽ ነው። ሞተሩን ይሸፍናል፤ በሙቀት ካልሆነ የተበላሸው። የውኃ ፓምፑን ይሸፍናል፤ ውኃ በረዶ ሆኖ ካልሰነጠቀው። ሚኒሶታ ውስጥ በረዶ ያልሆነ ነገር ንገሩኝ እስቲ! ዋጋው ደግሞ የሁለት ወር የቤት ኪራያችን ነው። አሃ፣ ለካ ከማል እውነቱን ነው፣ ልተወው እላለሁ። መልሶ ደግሞ ወደ ዴንቨር የምናልፍባት ነብራስካ ትመጣብኛለች። ግራው በቆሎ፣ ቀኙ በቆሎ፤ መሀል ላይ አርቪው ቆሟል፤ እማ ሐዋ በር ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፤ ዴንቨር ልጃቸው ምጥ ይዟታል፤ ፋጡማ እኔን ታየኛለች። ያ አላህ! ያን አስተያየቷን የሚሸፍን ዋስትና የለም።

ድምፅ ሁሉ ያስደነግጠኝ ጀመር። ከኋላ በኩል «ቋ… ቋ…» የሚል ነገር ሰምቼ ሁለት ቀን መኪናው ሥር ተኝቼ ዋልኩ። ለካ ፋጡማ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያስቀመጠችው የድስት ክዳን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከማልን ይዤው ሄድኩ። ጉዱን ያመጣው እሱ ስለሆነ ይፍታው ብዬ ነው። ነገሩን አስጠናሁት፤ እሱ «እባክህ ጓደኛዬን ዋስትናውን እንዲገዛ ምከርልኝ» ይለዋል፣ ላርስ ይለምነኛል፣ እኔ በግድ እሺ እላለሁ። ከማል አሳምሮ ተናገረ። ላርስ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እኔ ሰው አልጫንም። ሳይድ አልፈልግም ብሏል፤ ውሳኔውን አከብራለሁ» አለ።

አከበረኝ! በአክብሮት ገደለኝ!

የሰማችን ሰሚራ ናት። ቤት ስንመለስ ለከማል በሹክሹክታ ሳማርር ከየት እንደመጣች ሳላውቅ፣ «ዳድ፣ ሰውየው ጠየቀህ። አንተ ኖ አልክ። ኖ ሚንስ ኖ!» አለችኝ።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

«ካልጠየቀችኝ አልነግራትም» አለች፤ የኔ ልጅ መሆኗን ያኔ አረጋገጥኩ።

ሠላሳው ቀን ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀረው። ጉዟችንም ለሦስተኛው ቀን ተቆርጧል። ከቀትር በፊት እማ ሐዋና እኔ አርቪው ውስጥ ነን፤ እሳቸው አልጋው ላይ ተቀምጠው ልብሳቸውን ያጣጥፋሉ፣ እኔ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ገብቼ ድምፅ አዳምጣለሁ። ከመጡ ወዲህ ከስተዋል። ፋጡማ ቀሚሳቸውን ሁለት ጊዜ አጥብባላቸዋለች። ውኃው አልተስማማቸውም ብለን ነበር።

«አልጋው ተመቸዎት እማ?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ ልጄ። ብቻ አስቸገርኳችሁ፤ በአይሮፕላኑ ብሄድላችሁ ይሻል ነበር።»

ራሴን ከቧንቧው ጋር አጋጨሁት። «ምን አሉ? አይሮፕላን ይቅርብኝ ብለው አልነበረም እንዴ?»

«ብያለሁ። አንዴ ብያለሁ።»

«እና?»

«እናማ ገንዘብ ታወጡብኛላችሁ ብዬ ተግደረደርኩ። ‹ኧረ እማ፣ በአላህ! ምን ሲባል!› ትሉኛላችሁ ብዬ ስጠብቅ፣ አንተ እሺ ብለህ ተነሣህ።» ቀሚሳቸውን አጥፈው አስቀመጡ። «ቅር አልተሰኘሁም። የአገሩ ወግ እንዲህ ነው ብዬ ተውኩት።»

የጠበበው ቀሚሳቸው ትዝ አለኝ። «እማ… ምግቡስ?»

ሌላ ቀሚስ አንሥተው ማጠፍ ጀመሩ።

«እማ፣ በሞቴ!»

«ፋጡማ ልጨምር ትለኛለች። በቃኝ እላለሁ። ታነሣዋለች» አሉ፤ እንደ ቀላል ነገር። «የደከመች ልጅ ናት፣ ከሥራ ነው የምትመጣ። በዚህ ላይ ደግሞ አፈር ስሆን በይኝ ልበላት?»

ሁለት ወር! ደሴ ላይ መንገደኛ ሁሉ ሳይበላ ከደጃቸው የማያልፍ ሴትዮ፣ ሁለት ወር ሙሉ በልጃቸው ቤት ግማሽ ሆድ እየበሉ ተቀምጠዋል! «ሲግደረደሩ ጦም ያድሩ» ሲባል እየሳቅኩ ነው ያደግኩት፤ እዚያች ዕቃ ማጠቢያ ሥር ሆኜ ግን አልሳቅኩም። አፈርኩ። ዐይኔ እንባ አቀረረ። ላርስ እኔን አንድ ወረቀት ነው የነፈገኝ፤ እሱን ወር ሙሉ ሳማ ለካ በገዛ ቤቴ እኔው ላርስ ሆኛለሁ።

ለፋጡማ ስነግራት ተቀምጣ አለቀሰች። የዚያን ቀን ምሳ እማ ሐዋን እንዴት እንዳበላናቸው ብታዩ! «በሞቴ» እሷ፣ «አፈር ስሆን» እኔ፣ «ፕሊስ አያቴ» ሰሚራ። ሦስት ጊዜ ተጨመረላቸው፤ በሦስቱም ተግደርድረው በሦስቱም ጨረሱት። ከምሳ በኋላ ስለ አይሮፕላኑ ጠየቅናቸው።

«እማ፣ ትኬት እንቁረጥልዎት?»

«አይ፣ ተዉት።»

ተያየን። «ኧረ እማ፣ በአላህ!»

«አይ አልኩ።»

«አፈር ስሆን እማ!»

«አሁንስ የምሬን ነው!» ብለው ተቆጡ። «ያን አልጋ ለምጄዋለሁ። ደግሞስ ልጄ ቤት ቤቴን ይዤ ስገባ ደሴ አይሰማልኝም?»

እንግዲህ አርቪው ሊሄድ ነው፤ እሳቸውም ሊጫኑበት ነው። ያን ሌሊት ማመንታቱ ቆመልኝ። ዘጠኙም ገጽ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዋስትናው ግማሹን ብቻ ይሸፍን ይሆናል፤ ግን ምዬ ነበር፣ የማልኩትም በእኚህ ሴት ነው። በሠላሳኛው ቀን ጠዋት፣ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ እንገዛለን ብዬ፣ እማ ሐዋን ይዤ ላርስ ቢሮ ገባሁ። ለምን ይዣቸው እንደሄድኩ እንጃ። ብቻዬን ብሄድ አራተኛ ቱቦ ገዝቼ እንደምመለስ ስለማውቅ ይሆናል።

ላርስ ተነሥቶ ወንበር ሳበላቸው። «ቡና ይፈልጋሉ?» አለ።

እማ ሐዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ላርስ ማንቆርቆሪያውን መለሰው።

«ላርስ» አልኩ፤ «ደግመህ ጠይቃቸው።»

«አልፈልግም ብለዋል እኮ።»

«ጠይቃቸው። እስከ ሦስት ጊዜ።»

ግራ ገብቶት ጠየቀ። እምቢ አሉ። በሦስተኛው ፈገግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ላርስ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። «እናቴ!» አለ። «እናቴ እርሻ ላይ ልክ እንዲህ ነበረች። ሰሃን ላይ የቀረችውን የመጨረሻ ኩኪ ሦስት ጊዜ ሳትለመን አትነካም። እዚህ ሥራ ላይ ግን አንዴ ኖ ካሉህ ተው ብለው ነው ያሠለጠኑን።» ድንገት ሳቁን አቋረጠ። «ቆይ ሳይድ… አንተ ያን ቀን…»

መሬት መሬት አየሁ።

ሰማያዊውን ፋይል ቀስ ብሎ አወጣው። ጉሮሮውን ጠረገ። «ሳይድ፣ ዋስትናውን ትፈልጋለህ?»

«ኖ፣ ኖ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይ አም ፋይን፣ ላርስ…»

«እባክህ ሳይድ።»

እንዴት እንደጣፈጠኝ ልነግራችሁ አልችልም። ጣዕሙን ላቆየው ብዬ አሁንም አፌን ለሌላ «ኖ» ስከፍት እማ ሐዋ ከጠረጴዛው ሥር ጭኔን ቆነጠጡኝ። «በቃ! አሁን እሺ በል፤ ሰውየውን አታድክመው።»

ፈረምኩ። ዋጋው በአንዲት ሳንቲም ንቅንቅ አላለም፤ ማናጀር የሚባልም አልመጣም። ከማል፣ ይህን የምታነብ ከሆነ ስልኬን አላነሣልህም።

ወረቀቱን ይዤ ቤት ስገባ ልቤ ቀሎኝ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አይደል የሚባለው? ፋጡማን አስቀመጥኳትና ሁሉንም ነገርኳት፤ አብሽሪ ያልኳት ቀን እንዳልገዛሁት፣ ወር ሙሉ እንደዋሸኋት፣ ዛሬ እንደገዛሁት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ተነሥታ ከመሳቢያው አንድ ደብዳቤ አውጥታ ፊቴ አኖረችው። ከመኪና መሸጫው የመጣ ነው። ስለ ግዢያችን ያመሰግናል፤ ዋስትናውን እንዳልፈለግን መዝግበናል ይላል። ከመጣ ሦስት ሳምንት አልፎታል።

«ታውቂ ነበር?!»

«አውቅ ነበር። አፍህን እስክትከፍት ስጠብቅህ ነው የከረምኩት። ዛሬ ባትገዛው ነገ ጠዋት እናቴን ከዚያ መኪና አወርዳት ነበር።»

«ታዲያ ምነው አልጠየቅሽኝም?»

«አንዴ ጠይቄሃለሁ» አለች። «እዚህ አገር አንዴ ነው የሚጠየቀው።»

«ይቅር በይኝ ፋጤ» አልኩ።

«አይ» አለች።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! የመጀመሪያው ነዋ!

በማግሥቱ ጠዋት ሻንጣ ስንጭን ተጠጋኋትና ድጋሚ፣ «ፋጤ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። «አይ» አለች፤ እኔም እያፏጨሁ ሻንጣውን ጫንኩ። ለሦስተኛው የተመቸ ቦታ መረጥኩ። ቀትር ላይ አይዋ የሚባለው ግዛት ውስጥ ነን፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ሞተሩ እንኳን ሊበላሽ አላስነጠሰም፣ ሰሚራ ጆሮዋ ላይ ሙዚቃ ሰክታለች፣ እማ ሐዋ ኋላ አልጋው ላይ ተኝተዋል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ከልቤ፣ እውነቴን ነው፣ «ፋጤ፣ አፈር ስሆን፣ ይቅር በይኝ» አልኩ።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አይ» አለች።

ሦስተኛው እኮ ነው! ከሦስት በኋላ ምን እንደሚባል ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። ዴንቨር ገና የሙሉ ቀን መንገድ ይቀረዋል። ጥቂት እንደተጓዝን፣ ተኝተዋል ያልናቸው የእማ ሐዋ ድምፅ ከኋላ መጣ፦

«ደግመህ ጠይቃት ልጄ! እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ እሷ እስከ አምስት ትሄዳለች።»